«በቀለሟ ገባች» እንዳይሏት ምን ልምከራት?

ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፉልን እናት ስማቸው እንዲገለጽ አልፈለጉም። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርባለን።

«ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተወለደችው እዚሁ አሜሪካ ነው፤ በርትታ የምትማር ልጅ ናት፤ ውጤቷም የሚያኮራ ነው። አሁን ተወዳዳሪ ለሚበዛባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ እየሞላች ነው። ቅጹ ላይ ዘርን የሚጠይቅ ቦታ አለ። አባቷ ‹ጥቁር የሚለውን አትንኪው፣ ባዶውን ተዪው፤ ነገ ብትገቢ በቀለሟ ነው ይሉሻል› ይላታል። የአባቷ ወንድም ደግሞ ‹ድርሰትሽ ላይ ጥቁር በመሆንሽ ስለደረሰብሽ መከራ ጻፊ፤ የሚያስገባሽ እሱ ነው› ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት ያደገችው፣ ወላጆቿ ከቻይና የመጡት ጓደኛዋ ‹አንቺማ ምን አለብሽ፣ ትገቢያለሽ› ብላት ልጄ አልቅሳ ቤት ገባች። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። አንዲት አፍሪካ አሜሪካዊት የሥራ ባልደረባዬ፣ ክፋት በሌለው ቅሬታ፣ ‹አያቶቻችን ታግለው ባስከፈቱት በር የሚገቡት የእናንተ ልጆች ናቸው› አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። እኔ ራሴ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክመረቅ ድረስ ‹በአፈርማቲቭ ነው የገባችው› እየተባልኩ ነው የተማርኩት፤ ስሜቱን አውቀዋለሁ። ልጄ ያንን እንድትሸከም አልፈልግም፤ የሰው ድርሻ እንድትወስድም አልፈልግም። ምን ልምከራት?»

የተከበሩ እህቴ፣

ደብዳቤዎ ውስጥ አራት ሰዎች ተናግረዋል። አራቱም ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገሩ ቢመስሉም የተናገሩት ነገር ክብደት እኩል አይደለም፤ ስለዚህ እኔም በመልሴ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

ስለ ቅጹ ባጭሩ ልመልስ። የዘር ጥያቄው ዛሬ የቀድሞው ጉልበት የለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረቡት ክሶች ጁን 29 ቀን 2023 በሰጠው ውሳኔ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ኮሌጆች አመልካችን በዘሩ ምክንያት ብልጫ ሰጥተው እንዳይቀበሉ ከልክሏል። ብዙ ተማሪዎች የሚያመለክቱበት፣ ኮመን አፕሊኬሽን የተባለው የጋራ ቅጽም ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮ ኮሌጆች ይህን መልስ ከመራጮቻቸው እንዲሰውሩት ፈቅዷል። ጥያቄውን መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ልጅዎ ብትሞላውም ባትሞላውም መግባቷን የሚወስነው እሱ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ የእኔ ምክር እውነቱን ትሙላ ነው። ባዶውን መተው ሐሜትን አያስቀርም፤ ሊያማት የፈለገ ሰው መልኳን አይቶ ያማታል እንጂ ቅጿን አውጥታ እንድታሳየው አይጠይቃትም። አባቷ «አትንኪው» ሲሏት ግን፣ ሳያስቡት፣ ሊሸሸግ የሚገባ ነገር እንዳለባት እየነገሯት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ይህን ከአባቷ አፍ መስማቷ፣ ከማያውቃት ሰው ከምትሰማው ሐሜት ይልቅ የሚጎዳት ይመስለኛል።

ባለቤትዎ የሚፈሩት ነገር መነሻ እንዳለው አልክድም። ብዙ ወገኖቻችን ከ2023 በፊት ለጥቁር ተማሪዎች ተለይቶ የተቀመጠ ወንበር የነበረ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ኮታ ግን የተከለከለው በ1978 ነው፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከ100 ወንበሮች 16ቱን ለአናሳ ወገኖች ለይቶ በመያዙ የባኪ ክስ በሚባለው ሙግት ተረታ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ150 ነጥብ ሲመዝን 20ውን በዘር ምክንያት ይሰጥ የነበረበትን አሠራርም ፍርድ ቤቱ በ2003 አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ተፈቅዶ የቆየው፣ የአመልካቹን ጠቅላላ ታሪክ ሲመለከቱ ዘሩንም ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት ብቻ ነበር፤ አሁን ደግሞ እሱም ቀርቷል። ውጤቱም ወዲያው ታይቷል። ከውሳኔው በኋላ በተመረጡት የመጀመሪያ ተማሪዎች መካከል የጥቁሮች ድርሻ በኤም አይ ቲ ከ13 በመቶ ወደ 5፣ በአምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3፣ በሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 በመቶ ወርዷል፤ በዬል ባለበት ቆይቷል። እንግዲህ ልጅዎ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ብትገባና «በቀለሟ ነው» የሚላት ሰው ቢመጣ፣ ያ ሰው ሕጉ ምን እንደሚል አያውቅም ማለት ነው። ይህን ስል ከእርሷ በፊት የገቡት ችሎታ ሳይኖራቸው ገቡ ማለቴ እንዳልሆነ ይረዱልኝ፤ ስለ እነርሱ ከታች እመለስበታለሁ።

የጓደኛዋ ንግግር ልጅዎን እንዳስለቀሳት ገብቶኛል፤ ቢሆንም በዚያች ልጅ ላይ ቶሎ አይፍረዱባት። የሃርቫርድ ክስ ሲታይ ይፋ የሆኑት መዛግብት፣ የእስያ ተወላጅ አመልካቾች በትምህርት ውጤታቸው ከፍ ብለው ሳለ ዩኒቨርሲቲው «የግል ባሕርይ» ብሎ በሚሰጠው ነጥብ ከሌሎቹ ዝቅ እንደሚሉ አሳይተዋል። ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት ዳኛ በ2019 ሆን ተብሎ የተፈጸመ አድልዎ አላገኘሁም ብለው ቢወስኑም፣ ሌት ተቀን አጥንቶ «ባሕርይህ ያንሳል» የተባለ ልጅ የሚሰማው ቅሬታ እውነተኛ ነው። ስህተቷ ቅሬታዋን በልጅዎ ላይ ማሳረፏ ነው። የዚያው ክስ መዛግብት ሌላም ነገር አሳይተዋልና። ሃርቫርድ ከተቀበላቸው ነጭ ተማሪዎች መካከል ከ43 በመቶ የሚበልጡት በስፖርት የተመለመሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች ልጆች፣ ወይም ስማቸው የተማሪ ቅበላውን በሚመራው ዲን ልዩ መዝገብ የሰፈረ ነበሩ፤ ለጋሽ ቤተሰብ ያላቸው የሚገኙት በዚህ በመጨረሻው ውስጥ ነው። ከጥቁሮች፣ ከእስያውያንና ከላቲኖዎች ግን በዚህ መንገድ የገቡት ከየወገናቸው 16 በመቶ እንኳ አልሞሉም። በ2023 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ አይቪ ሊግ የሚባሉትን ስምንት ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲዎችና አራት አቻዎቻቸውን መርምሮ፣ በገቢያቸው ከአገሪቱ ላይኛው አንድ በመቶ ውስጥ ካሉት ቤተሰቦች የተወለደ ልጅ፣ የፈተና ውጤቱ ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ወደ እነዚያ ቤቶች የመግባት ዕድሉ ከእጥፍ እንደሚበልጥ አስረድቷል።

እንግዲህ የታክሲ ሹፌር ወይም የነርስ ልጅ የሆነች ሐበሻ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛ ልጅ ከሆነች ቻይናዊት ጋር ወንበር የሚያናጥቃቸው ምንድን ነው? ሁለቱም የቆሙት ከአንድ በር ውጭ ነው፤ በውስጥ በኩል ግን ሌላ መግቢያ አለ። እኔ በዚህ ጉዳይ ፍትሕ ጎደለ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ስለዚያ መግቢያ ነው። የእርስዎ ግዛት በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነገር አድርጋለች፤ ሜሪላንድ በ2024 ባወጣችው ሕግ የመንግሥትም ሆኑ የግል ኮሌጆች በቀድሞ ተማሪ ልጅነትም ሆነ በቤተሰብ ልገሳ ቅድሚያ እንዳይሰጡ ከልክላለች። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሕጉ አስቀድሞ በራሱ ፈቃድ ትቶታል። ልጆቹ ታርቀው ሲቀመጡ ስለዚህ ቢነጋገሩ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ልምጣ። ከአራቱ ንግግሮች ሁሉ የከበደው የእርሷ ነው፤ እንቅልፍ መንሳቱም አይገርመኝም።

በመጀመሪያ፣ የተናገረችው እውነት ነው። በ2007 የታተመና በ1999 ወደ 28 ተወዳዳሪ የሚበዛባቸው ኮሌጆች የገቡ ተማሪዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከጥቁር ተማሪዎቹ 27 በመቶ የሚሆኑት ራሳቸው ከውጭ የመጡ ወይም ከውጭ ከመጡ ወላጆች የተወለዱ መሆናቸውን አረጋግጧል፤ በአይቪ ሊግ ደግሞ 41 በመቶ ያህል ነበሩ። በጊዜው በዚያ ዕድሜ ላይ ከነበሩት የአገሪቱ ጥቁር ወጣቶች መካከል ግን የስደተኛ ወገን የሆኑት 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2004 የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮቹ ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ይህንኑ ጉዳይ በጥቁር ምሩቃን ጉባኤ ላይ በአደባባይ አንስተው ነበር። ባልደረባዎ ያለችው በምቀኝነት የተወለደ ወሬ እንዳልሆነ ከዚህ ይረዱታል።

ምክንያቱም ልጆቻችን በተፈጥሯቸው ስለሚበልጡ እንዳይመስለን፤ አንዳንድ ወገኖቻችን ሲኩራሩ እንዲህ ሲሉ ስሰማ አዝናለሁ። ወደዚህ አገር የመጣነው በብዛት ተጣርተን ነው። የዲቪ ሎተሪ እንኳ ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ወይም ልምድ የሚጠይቅ ሙያ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ሌሎቻችን በትምህርት ወይም በዘመድ መጥተናል፤ ከአገር ቤት ዲግሪ ይዘን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስንሠራ እንኳ ልጆቻችንን የምናሳድገው እንደ ተማረ ሰው ነው። የባልደረባዎ አያት ግን ቤት ሊገዙ ሲሉ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ብድር ሲከለከሉ፣ በዚህ አገር የትምህርት ቤት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ከአካባቢው የቤት ግብር የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሳይቀር አብሮ ደኸየ። ኮሌጆቹ ሁለቱንም በአንድ ስም መዝግበው «ይህን ያህል ጥቁር ተማሪ አለን» ብለው ሲናገሩ፣ ለየትኛው ጉዳት እየካሱ እንደሆነ ራሳቸውን ሳይጠይቁ ቆይተዋል። ይህ የኮሌጆቹ ጥፋት ነው። የልጅዎ ጥፋት አይደለም፤ እርሷ ማንንም አልገፋችም።

ጥፋት የለባትም ማለት ግን ውለታ የለባትም ማለት አይደለም። እናንተ በምትኖሩበት ግዛት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎችን አይቀበልም ነበር። ዶናልድ መሪ የተባለው ወጣት ሲከለከል፣ ጥቁሮቹ ጠበቆች ቻርልስ ሂውስተንና ገና በሙያው አዲስ የነበረው ተርጉድ ማርሻል ተከራከሩለትና ፍርድ ቤቱ በ1935 እንዲገባ አዘዘ፤ የግዛቲቱ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ1936 አጸናው። ማርሻል ራሱ የባልቲሞር ልጅ ሆኖ ሳለ ሕግ የተማረው በዋሽንግተን ባለው፣ በታሪኩ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሆነው ሃዋርድ ነው። በዚያው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሃዋርድ ሕክምና ይማሩ ከነበሩት መካከል ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ይገኙበታል። እኚህ ሰው አፍሪካ አሜሪካዊት አግብተው፣ ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረች ጊዜ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ ከራሳቸው ጉሮሮ ቀንሰው ለኢትዮጵያ ገንዘብ ያዋጡት፣ በሐርለም ጎዳና ስለ ኢትዮጵያ የጮኹት፣ በአገራቸው እንደ ሙሉ ዜጋ የማይቆጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። እኛ አፍሪካውያን በብዛት የመጣነው ደግሞ ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ነው፤ ያ ሕግ የወጣው የሲቪል መብት ትግሉ የአገሪቱን ልብ ባነቃነቀበት ወቅት ነው። ከትምህርት ቤቱ በር አስቀድሞ የአገሪቱን በር ራሱን ያስከፈቱልን እነርሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለባልደረባዎ ምን እንደሚመልሱ ጠይቀውኛል። «ልክ ነሽ፤ ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ልጄም እንድታውቀው አደርጋለሁ» ይበሏት። መከላከያ አይፈልጉ። ከዚያም በቤትዎ ውስጥ «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ እንደ እነርሱ ጥቁር አይደለንም» የሚለው ንግግር በልጅዎ ፊት እንዳይነገር ያድርጉ፤ በብዙ ቤቶቻችን እንደሚነገር ስለማውቅ ነው የምለው። በመንገድ ላይ የሚያስቆማት ፖሊስ ሐበሻነቷን አይጠይቃትም፤ ቅጽ ላይ ሲጠቅም ጥቁር፣ በሰፈር ሲያሳፍር ሐበሻ ብቻ መሆን ደግሞ ባልደረባዎን ከምንም በላይ የሚያቆስል ነገር ነው። ከምታመለክትባቸው ዩኒቨርሲቲዎች መካከልም ሃዋርድን ታስገባ። በ1867 የተመሠረተ፣ ከቤታችሁ ጥቂት ማይሎች ብቻ የሚርቅ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሳለ፣ ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ እንደ መጠባበቂያ እንኳ የማያስቡት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል።

የባለቤትዎ ወንድም የሰጡትን ምክር ግን አልቀበለውም። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በ2023ቱ ውሳኔ፣ አመልካች ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን ነገር በድርሰቱ ቢጽፍ ኮሌጁ ከማየት እንደማይከለከል ገልጸዋል፤ ይሁን እንጂ የሚመዘነው የተማሪው ድፍረት ወይም ጽናት ወይም ችሎታ መሆን እንዳለበት፣ በሕግ የተከለከለውም በድርሰት ሰበብ ተመልሶ እንዳይገባ አስጠንቅቀዋል። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ኮሌጆች የአመልካቾቻቸውን መረጃ በዘር ለይተው እንዲያቀርቡ በማዘዙ መራጮቹ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ይህ የሕጉ ነገር ነው። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አንዲት ልጅ ያልደረሰባትን መከራ ፈልጋ እንድትጽፍ መገፋቷ ነው። ደርሶባት ከሆነ፣ መናገርም ከፈለገች ትጻፈው፤ የሚከለክላት ሰው የለም። ካልደረሰባት ግን ያላት ሕይወት ይበቃታል። አያቷን ወደ ሐኪም ይዛ ሄዳ ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ የነገረቻቸው ዕለት ምን ቃል እንደጠፋት፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ፊደል የምታስቆጥራቸው ሕፃናት የትኛው ፊደል ላይ እንደሚደናቀፉ፣ እርስዎ የሌሊት ፈረቃ ሲሆኑ ታናሽ ወንድሟን እንዴት እንደምታስጠና፤ ከዚህ የሚመሳሰል ነገር በእርሷ ቤት አይጠፋም። መራጮቹ በቀን ብዙ ድርሰት ስለሚያነቡ የተዋሰችውን ኀዘን ከራሷ ሕይወት ለይተው ያውቁታል። ድርሰቱንም ራሷ ትጻፈው፤ አጎቷም እርስዎም አንብባችሁ አስተያየት ስጡ እንጂ ብዕሩን አትንኩባት።

ስለ ራስዎ የጻፉት አንድ ዐረፍተ ነገር ከደብዳቤዎ ሁሉ ይበልጥ ነካኝ። በአገራችን ለሴቶችና ለታዳጊ ክልል ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መቁረጫ ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ምክንያት ነበረው፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የወረሱት በደል ስለደረሰባቸው የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድላቸው ደንግጓል። ከትምህርት ቤት መልስ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ ወንድሟ ሲያጠና ወጥ የምትሠራ ልጅ የምታመጣው ነጥብ ከእርሱ ነጥብ ጋር በቁጥር ቢተያይም በድካም አይተያይም። እርስዎን ያስገባዎት ነጥብ ከበሩ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ፈተናውን የተፈተኑት ከሁሉም ጋር እኩል ነው፤ ማንም መምህር እርማት ላይ አልጨመረልዎትም። ሆኖም ሐሜተኞቹ የሚናገሩት ስለ መግቢያው ብቻ ነበር፤ እርስዎም እስካሁን ድረስ የሚያስታውሱት እነርሱ ያሉትን እንጂ የመመረቂያ ውጤትዎን አይደለም። ይህን ታሪክ ለልጅዎ ነግረዋት ያውቃሉ? ካልነገሯት ይንገሯት። ከእርሷ በፊት ወደ እነዚያ ኮሌጆች ስለገቡት ጥቁር ተማሪዎች ማንም ሰው በንቀት ሲናገር ብትሰማ፣ የምትሰማው ስለ እናቷም መሆኑን ትወቅ። ያን ጊዜ «በቀለሟ» የሚለው ቃል ቢደርስባት እንኳ አንገቷን አያስደፋትም፤ ከማን ጋር እንደተሰደበች ታውቃለችና።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው፤ ስለ ዘር ስንጨነቅ የምንዘነጋውም እሱን ነው። በአደባባይ የተጻፈውን ዋጋ አይታችሁ ከዝርዝሯ ውስጥ ኮሌጅ አትሰርዙ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን የሚያሰላ መሣሪያ አለው፤ ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ለምሳሌ ከ2025 መኸር ጀምሮ የዓመት ገቢያቸው እስከ 200,000 ዶላር ለሆነ፣ ንብረታቸውም ከተለመደው ላልበለጠ ቤተሰቦች የትምህርቱን ክፍያ አያስከፍሉም። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም የግዛቲቱ ነዋሪ ለሆነች ልጅ ከብዙ ስመ ጥር የግል ኮሌጆች የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ባኔከር ኪ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ስኮላርሺፕ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ቀድሞ ለጥቁር ተማሪዎች ብቻ የነበረው የባኔከር ስኮላርሺፕ በ1994 በይግባኝ ፍርድ ቤት ከተሻረ በኋላ ኪ ከተባለው ሌላ ስኮላርሺፕ ጋር ተዋህዶ የቀጠለ ነው። ኖቬምበር 1 የብዙዎቹ የቀደምት ማመልከቻ ቀን በመሆኑ የባለቤትዎን ጭንቀት ወደዚህ ሥራ ያዙሩት፤ የግብር ወረቀቱን ይሰብስቡ፣ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ለመሙላት መለያቸውን ይክፈቱ፣ የኮሌጆቹን ስሌት ከልጃቸው ጋር አንድ በአንድ ይሥሩ። የዘር ጥያቄውን ለእርሷ ይተዉላት።